ዳግማዊ አፄ ምኒልክና ክፉ ቀን፤ በሬ ያለቀበት ዘመንና ከዚያ ለመውጣት የተደረገው ጥረት

እንደሚታወቀው በምስረታ በዓል መጽሔት ላይ ስለ ምርት አቅርቦት፣ ስለ ገበያ ትስስርና ስለ ትርፍ ክፍፍል ማንበብ የተለመደ ነው። በዚህ አምድ ግን ሁላችንም በዓድዋ ድል የምናውቃቸውን የዳግማዊ አፄ ምኒልክን የሕይወት ታሪክ ከሌላ አቅጣጫ እንመለከታለን። ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ በጫኑበት ወቅት አገሪቱ በታሪኳ ከታዩት ሁሉ በከፋ የኢኮኖሚ ውድቀት ውስጥ ነበረች። ሕዝቡ ያን ዘመን ክፉ ቀን ብሎ ሰይሞታል። ውድቀቱ ከምን እንደመጣ፣ ምን እንዳስከተለና መንግሥት ምን እንዳደረገ ማወቅ ለገበሬና ለኅብረት ሥራ ማኅበር አባል ትልቅ ትምህርት አለው። ከዚህም ባሻገር የማገገሙ ዋጋ በከፊል የተከፈለው በእኛው በደቡቡ ክፍል በመሆኑ ታሪኩ የጋሞንም ሕዝብ የሚመለከት ነው።

ልጅነትና ወደ ሥልጣን አመጣጥ

ዳግማዊ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በሸዋ፣ አንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው የሸዋው ንጉሥ ኃይለ መለኮት፣ እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ ይባላሉ። አሥራ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው፣ በ1848 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲይዙ አባታቸው ስለሞቱ ልጅ ምኒልክ ተማርከው ወደ መቅደላ ተወሰዱ። በዚያም አሥር ዓመት ገደማ ቆዩ። የመንግሥት ሥራና የጦር ስልት ያዩት፣ የቴዎድሮስንም ብርታትና ድካም የታዘቡት በዚያው ነው። በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ገቡና የአባታቸውን ዙፋን ያዙ።

በሸዋ ንጉሥነታቸው ዘመን ከመሣሪያ ሌላ ለንግድና ለእጅ ሙያ የነበራቸው ፍላጎት የታወቀ ነው። ከውጭ አገር ነጋዴዎችና መሐንዲሶች ጋር ይወያዩ፣ አዲስ መሣሪያ ሲመጣም ፈታተው ለማየት ይጓጉ ነበር። በ1870 ዓ.ም. ለአፄ ዮሐንስ አራተኛ ገብረው የሸዋ ንጉሥነታቸው ጸደቀ። በ1879 ዓ.ም. ሐረርን ያዙ፤ በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ነገሩ ሁሉ ወደ ላይ የሚወጣ ይመስል በነበረበት ሰዓት ግን ማንም ያላሰበው ጠላት በሰሜን በኩል ገባ።

የውድቀቱ መንስኤዎች

ይህ ጠላት የከብት በሽታ ነበር። በአገራችን ደስታ እየተባለ የሚጠራው ይህ በሽታ የከብቱን ዓይንና አፍንጫ ያስለቅሳል፤ ያስቀምጠዋል፤ ብዙውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይገድለዋል። ጣሊያኖች በ1877 ዓ.ም. ምፅዋን ከያዙ በኋላ ለጦራቸው ስንቅ ከህንድ ባስመጧቸው ከብቶች አማካይነት በ1880 ዓ.ም. አካባቢ እንደገባ የታሪክ ጸሐፊዎች ይስማማሉ። በአገሪቱ ያሉት ከብቶች በሽታውን ከዚያ በፊት አያውቁትም ነበርና የመከላከል አቅም አልነበራቸውም። በሽታው ከሰሜን ወደ ደቡብ እየወረደ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የምሥራቅ አፍሪካን ከብት ጨረሰ። በ1880ዎቹ መጨረሻ ላይ ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ደረሰ። በኢትዮጵያ ከነበረው ከብት 90 በመቶ ያህሉ እንዳለቀ ይገመታል።

ይሁን እንጂ የከብት እልቂት ብቻውን አገር አይጥልም። ክፉ ቀንን ያመጣው የብዙ ምክንያቶች መደራረብ ነው።

አንደኛው የዝናብ መቅረት ነው። በሽታው በገባበት ሰሞን ዝናቡ አጠረ፤ ሙቀቱም በረታ። የተዘራው ደረቀ፤ የተረፈውንም አንበጣ፣ ተምችና አይጥ በሉት።

ሁለተኛው የእርሻው አሠራር ነው። በሰሜንና በመካከለኛው ደጋ ያለው እርሻ በሙሉ በበሬ ጫንቃ ላይ የቆመ ነበር። በሬ ሲሞት ማረሻው ይቆማል፤ ማረሻው ሲቆም ማሳው ጦም ያድራል። የተራበ ቤተሰብ ደግሞ ለዘር ያስቀመጠውን እህል ስለሚበላ ዝናብ ቢመለስም የሚዘራ አይኖርም። አንድ ዓመት የጀመረው ጥፋት ወደ አራት ዓመት የተራዘመው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው የአስተዳደሩ ሁኔታ ነው። በዚያ ዘመን ወታደር ደመወዝ አልነበረውም። በገበሬው ቤት ይሰፍራል፤ ከገበሬው ጓዳ ይበላል። አገሪቱ በሰሜን ከጣሊያን፣ በምዕራብ ከደርቡሽ ጋር ጦርነት ላይ ስለነበረች ጦሩ በየአቅጣጫው ይንቀሳቀስ ነበር። በመሆኑም ገበሬው በደህናው ዘመን እንኳ ለክፉ ቀን የሚሆን ትርፍ ማስቀመጥ አልቻለም። ድርቁና በሽታው የመጡት ባዶ ጎተራ ላይ ነው።

ያስከተለው ጉዳት

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት የደረሰውን ጉዳት ሙሉ በሙሉ መቁጠር አይቻልም። ከሕዝቡ አንድ ሦስተኛው እንዳለቀ የሚገምቱ አሉ። ረሃቡ ያዳከመውን ሰው ፈንጣጣ፣ ተስቦ፣ ኮሌራና ተቅማጥ ጨረሱት። ቀባሪ ጠፍቶ አውሬ ከሰው መንደር ገባ።

በገበያ በኩል የእህል ዋጋ ከተራው ሰው አቅም በላይ ወጣ። በሕይወት የቀረ ጥቂት በሬም በወርቅ የማይገኝ ሆነ። የሚሸጥ ሲያጣ ራሱንና ልጁን ለባርነት የሸጠ ነበረ። ብዙ ቀዬ ባዶውን ቀረ፤ መሬቱም ጫካ ወረሰው። የመንግሥት ገቢም ከገበሬው ጋር አብሮ ወደቀ፤ ግብሩ እህልና ከብት ነበርና።

ጉዳቱ በኢኮኖሚ ብቻ አላበቃም። አፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ሲወድቁ ሰሜኑ በረሃብ ደቅቆ ስለነበረ ጣሊያን ያለ ብዙ ችግር ወደ ደጋው ወጣች። አስመራን በዚያው ዓመት ያዘች፤ በ1882 ዓ.ም. ደግሞ ኤርትራን ቅኝ ግዛቷ አድርጋ አወጀች። ጓዳው ባዶ የሆነ አገር ድንበሩንም መጠበቅ እንደሚቸግረው ያኔ ታየ።

ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ሲጭኑ የተረከቡት እንዲህ ያለውን አገር ነው።

መንግሥት የወሰዳቸው እርምጃዎች

ንጉሠ ነገሥቱ የወሰዷቸውን እርምጃዎች በአራት ከፍለን ማየት እንችላለን።

የመጀመሪያው የነፍስ አድን ሥራ ነው። የመንግሥትን ጎተራ ከፍተው እህል አስከፋፈሉ። ወደ ከተማ ለጎረፈው ረሃብተኛ መጠለያ አሠርተው ቀለብ እንዲያገኝ አደረጉ። እሳቸውም ሕዝቡ ያጣውን አልበላም በማለት የከብት ሥጋ መብላት ተዉ። በጎ ሥራ ነበር፤ ነገር ግን የሚደርሰው ወደ ቤተ መንግሥቱ መምጣት ለቻለው ነው። መንገድና መጓጓዣ ስላልነበረ በሩቅ ያለው ገበሬ ባለበት ቀረ።

ሁለተኛው እርሻውን ያለ በሬ ለማስቀጠል የተደረገው ጥረት ነው። ገበሬው በሬዬ ሞተ ብሎ እጁን አጣጥፎ እንዳይቀመጥ በዶማ እየቆፈረ እንዲዘራ ታዘዘ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መጥረቢያና ዶማ ይዘው፣ መሬት መንጥረውና ቆፍረው አሳዩ። መኳንንቱና ወታደሩም ተከትለው ቆፈሩ። በዚያ ዘመን በሰሜንና በሸዋ መሬትን በእጅ መቆፈር የድህነት ምልክት ተደርጎ ይታይ ስለነበር ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ለእኛ ለጋሞ ደጋ ሰዎች ግን ዶማና መቆፈሪያ እንግዳ አይደሉም። የጨንቻ፣ የዶርዜና የቦንኬ አባቶች ተዳፋቱን በእርከን እየያዙ፣ በመቆፈሪያ እያለሰለሱ፣ በከብት ፍግ እያዳበሩ እንሰትና ገብስ ሲያለሙ ኖረዋል። በሸዋ ለችግር ጊዜ የታዘዘው ሥራ በጋሞ የዘወትር ሙያ ነበር።

ሦስተኛው የግብር ማሻሻያ ነው። በክፉ ቀን ማብቂያ ላይ ወታደር በገበሬ ቤት መስፈሩ ቀርቶ በምትኩ ገበሬው ከምርቱ አሥራት፣ ማለትም ከአሥር አንድ እጅ እንዲከፍል ተደነገገ። እህሉ በመንግሥት ጎተራ ተከማችቶ ለወታደሩ ቀለብ ይሆናል። ሐሳቡ ትልቅ ነበር፤ ገበሬው የሚከፍለውን አስቀድሞ ካወቀ የቀረውን ሊያስቀምጥ ይችላልና። በተግባር ግን በብዙ ቦታ አሥራቱ ሌሎች ግዴታዎችን ሳያስቀር በላያቸው ተጨመረ። ይሁን እንጂ መንግሥት እህል በአንድ ቦታ የማከማቸት ልምድ አገኘ።

አራተኛው የንግድና የገንዘብ ሥራ ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ምስል የተቀረጸ ብር በአዋጅ ወጣ፤ በ1886 ዓ.ም. ለጅቡቲ የባቡር ሐዲድ ሥራ ፈቃድ ተሰጠ። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ ከንጉሠ ነገሥቱ ሞት በኋላ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። በ1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ ተከፈተ። በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙም እርሻ የራሱ ሚኒስቴር አገኘ። እነዚህ ሥራዎች ለክፉ ቀን አልደረሱም፤ ነገር ግን ከዚያ ልምድ በኋላ አገሪቱ ከየት ወዴት መሄድ እንዳለባት ያሳያሉ።

በውጤቱም ዝናቡ ሲመለስ፣ ከበሽታው የተረፈውም ከብት ሲራባ እርሻው ቀስ በቀስ አገገመ። ክፉ ቀን ካበቃ አራት ዓመት ገደማ በኋላ፣ በየካቲት 1888 ዓ.ም. መቶ ሺህ ገደማ የሚገመት ጦር እስከ ዓድዋ ዘልቆ ድል ማድረጉ አገሪቱ ምን ያህል እንደተነሳች ይመሰክራል።

የማገገሙ ዋጋ በማን ላይ ወደቀ?

የሕይወት ታሪክ ሲጻፍ በጎውን ብቻ ማንሳት ለአንባቢም ለሟችም አይጠቅምም። መካከለኛው አገር ያጣውን ከብትና እህል የተካበት አንዱ መንገድ ወደ ደቡብ የተደረገው ዘመቻ ነው። የደቡቡ መሬት ለምነትና ሀብት የተራበውን ጦር ሳበው።

ለአብነት ያህል በ1887 ዓ.ም. በጎረቤታችን በወላይታ ላይ የተደረገውን ዘመቻ መጥቀስ ይቻላል። ካዎ ጦና አገራቸውን ለመከላከል በብርቱ ተዋግተው ቆስለው ተማረኩ። ብዙ ሺህ ሰው አለቀ፤ ብዙ ሰው ተማረከ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ከብትም ወደ ሸዋ ተነዳ። የጋሞ አገርም በዚያው በ1880ዎቹና ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ገባ። አርባ ምንጭ ከመቆርቆሯ አስቀድሞ ጨንቻ የአስተዳደር መቀመጫ ሆነች።

ከዚያ በኋላ የመጣው የገባር ሥርዓት ነው። በሰሜን ገበሬውን ያደቀቀው፣ ንጉሠ ነገሥቱም በአሥራት ለመተካት የሞከሩት ሸክም፣ በደቡብ መልኩን ቀይሮ ተተከለ። ለወታደሩና ለሹሙ በደመወዝ ፋንታ ገባር ተቆጠረለት። ገባሩ እህል ይሰፍራል፤ ማገዶ ይሸከማል፤ ቤት ይሠራል፤ የጌታውን እርሻ ያርሳል። የራሱ ማሳ የሚደርሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ይህ ሸክም በኋለኞቹ መንግሥታት እየቀለለ ቢመጣም የጭሰኝነት ሥርዓት ፈጽሞ የተወገደው በየካቲት 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ነው።

በመሆኑም አንድ አገር ከኢኮኖሚ ውድቀት ወጣ ሲባል አብሮ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አለ፤ በማን ከብትና በማን ጉልበት ወጣ? ከአንዱ ገበሬ ጓዳ ወስዶ የሌላውን መሙላት ኪሳራውን ያዛውረዋል እንጂ አያጠፋውም።

ሌላው ዓለም ምን አደረገ?

ተመሳሳይ ፈተና ሌሎች አገሮችንም ገጥሟል። እ.ኤ.አ. በ1846 እና 1847 በጀርመን ረሃብ ሲገባ ፍሪድሪክ ራይፋይዘን የተባለ የገጠር ከንቲባ ነዋሪውን አስተባብሮ የዳቦ ማኅበር አቋቋመ። በኋላም ምጽዋት ገበሬውን ከአራጣ አበዳሪ እንደማያድነው ተገንዝቦ ገበሬዎች ራሳቸው የሚቆጥቡበትና የሚበደሩበት ማኅበር መሠረተ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ያሉት የገጠር ቁጠባና ብድር ማኅበራት ዘራቸው ከዚያ ይመዘዛል።

እ.ኤ.አ. በ1929 የጀመረው ታላቁ የዓለም የኢኮኖሚ ድቀትም ሌላው ምሳሌ ነው። በአሜሪካ ከሠራተኛው አራተኛው እጅ ሥራ አጥ ሆነ። የእርሻ ምርት ዋጋ ስለወደቀ ገበሬው ዕዳውን መክፈል አቅቶት መሬቱን አጣ። በእኛ ክፉ ቀን ገዢ እያለ እህል ጠፋ፤ በእነሱ ድቀት እህል እያለ ገዢ ጠፋ። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ከወሰዷቸው እርምጃዎች መካከል የምርት ዋጋ ድጋፍ፣ የእርሻ ብድርና እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ ለገጠር የመብራት ኅብረት ሥራ ማኅበራት የተሰጠው ብድር ይገኙበታል። ገንዘቡን መንግሥት ቢያበድርም መስመሩን የዘረጉትና የተቆጣጠሩት በአብዛኛው ገበሬዎቹ በማኅበራቸው አማካይነት ነው። እርዳታው በሩቅ ለሚኖረው ገበሬ የደረሰበትም ምክንያት ይኸው ነው።

የመጨረሻ ዓመታት

ዳግማዊ ምኒልክ ከ1890ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ጤናቸው እየታወከ መጣ። ሥራቸውን እንደልብ ማከናወን ሲሳናቸው የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አደረጉ። ለጥቂት ዓመታት በሕመም አልጋ ላይ ከቆዩ በኋላም ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። አፅማቸው በአዲስ አበባ በበዓታ ለማርያም ገዳም ይገኛል።

በዘመናቸው አገሪቱን ያንኮታኮተው የከብት በሽታ ከሳቸው ሞት በኋላም ብዙ አሥርተ ዓመታት ቆየ። ክትባት ተገኝቶ፣ የእንስሳት ሐኪሞችና አርብቶ አደሮች በየበረሃው ተባብረው ሠርተው በ2003 ዓ.ም. ከመላው ዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ከሰው ፈንጣጣ ቀጥሎ ከምድር ገጽ የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ነው። ዶማውና ጎተራው ያልቻሉትን ክትባቱ ቻለው።

ለማኅበሮቻችን ምን ትምህርት አለው?

ከዚህ ታሪክ አባሎቻችንና የአካባቢያችን የሥራ ኃላፊዎች ቢያንስ ሦስት ነገሮችን ልንወስድ እንችላለን።

አንደኛ፣ በአንድ ነገር ላይ ብቻ የቆመ ኑሮ በአንድ ምት ይወድቃል። ያኔ በሬ ነበር። ዛሬ በአርባ ምንጭ ዙሪያ ሙዝ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ቤተሰብ የሙዝ በሽታ ወይም የገበያ መውደቅ ቢመጣ ምን ይሆናል? በደጋው የእንሰት አጠውልግ በሽታ ምን ያህል ጓሮ እንዳራቆተ እናውቃለን። በቆላው የቆላ ዝንብ የሚያመጣው የገንዲ በሽታ በሬን ሲጥል ማሳ እንዴት ጦም እንደሚያድር የሚነግረን አያስፈልገንም። የበሽታ ቁጥጥር፣ ንጹሕ ችግኝና የእንስሳት ክትባት የኅብረት ሥራ ማኅበርም ጉዳይ ናቸው።

ሁለተኛ፣ መጠባበቂያ በችግር ቀን አይሠራም። የጋሞ አባቶች እንሰትን በጓሯቸው ለዓመታት ያቆዩት፣ ቆጮውንም በጉድጓድ ያከማቹት ይህን ስለሚያውቁ ነው። አዋጅ ቁጥር 147/1991 ማኅበራት ከተጣራ ትርፋቸው 30 በመቶውን ለመጠባበቂያ እንዲያስቀምጡ ሲደነግግ አንዳንድ አባላት ትርፉ ሁሉ ይከፋፈለን ማለታቸው አይዘነጋም። ዛሬም በየጠቅላላ ጉባኤው ተመሳሳይ ጥያቄ ቢነሳ አይገርምም። መልሱ ያለው በክፉ ቀን ታሪክ ውስጥ ነው። ዘሩን የበላ ገበሬ ዝናብ ሲመጣ ቆሞ ያያል።

ሦስተኛ፣ ከላይ የሚመጣ እርዳታ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ገበሬው ዘንድ የሚደርሰው የሚቀበለውና የሚያከፋፍለው የራሱ ድርጅት ሲኖረው ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ጎተራቸውን ከፈቱ፤ ዶማም ያዙ። ከእንጦጦ ርቆ ለነበረው ገበሬ ግን እህሉን የሚያደርስለት፣ ዘር የሚያበድረው፣ የከብቱንም በሽታ ቀድሞ የሚያስታውቅለት ማኅበር አልነበረውም። የሥራ ኃላፊዎችም ድጋፋቸው ማኅበራቱን የሚያጠናክር እንጂ የሚተካ እንዳይሆን ሊጠነቀቁ ይገባል።

እንግዲህ በዚህ የምስረታ በዓል ዋዜማ እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር መጋዘኑን፣ የዘር ክምችቱንና የመጠባበቂያ ሒሳቡን አንድ ጊዜ ቢፈትሽ መልካም ነው። ዘንድሮ ዝናቡ ደህና ከሆነ የሚቀመጥበት ዓመት ዘንድሮ ነው።

መልካም የምስረታ በዓል!